የመሪጌታ ሁለተኛ መዝገብ

ባሕር ዳር አንድ ጊዜ ስልጠና ወስጃለሁ። "ወስጃለሁ" የምለው ለወጉ ነው፤ ሰጥቻለሁ ብል ይቀርበኛል።

አሠልጣኙ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ እግር ሰው ነው። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ሁለት ቃል አበራ። በግራ "አሴት"፣ በቀኝ "ኮንፊግሬሽን አይተም" ይላል። "የእነዚህን ልዩነት የሚነግረኝ አለ?" አለ። የኮምፒውተር ባለሙያ ነን ብለን ከየወረዳው የመጣን ሁሉ ጠረጴዛ ጠረጴዛችንን ማየት ጀመርን። ዲግሪ ያለው ብስኩቱን ያያል፣ ዲፕሎማ ያለው የታሸገ ውኃውን ያያል። ሁለቱም የሌለኝ እኔ እጄን አወጣሁ።

"አሴት ማለት ንብረት ነው" አልኩ። "የማን ነው፣ መቼ ተገዛ፣ የት ተቀመጠ፣ መቼ ይወገዳል ብለህ የምትጠይቀው። ኮንፊግሬሽን አይተም ግን ሌላ ጥያቄ ነው የሚጠየቀው። እሱ ሲወድቅ ማን አብሮት ይወድቃል? እሱ ራሱስ በምን ላይ ተደግፎ ነው የቆመው? አንድ ሳጥን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ወንበር ግን ንብረት ብቻ ነው፤ ቢሰበር የተቀመጠበት ሰውዬ ይወድቃል እንጂ ሥራው አይወድቅም። ፓስዎርድ የተጻፈበትን ብጣሽ ወረቀት ደግሞ ንብረት ብሎ የሚመዘግበው የለም፤ እሱ ከጠፋ ግን ቢሮው ይዘጋል።"

ልጁ የያዘውን መጠቆሚያ ዘንግ አስቀመጠና "የት ነው የተማሩት?" አለኝ። አንቱ ብሎኛል፣ ይሰመርልኝ።

"ቢቸና። ከአንድ መሪጌታ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የቀለድኩ መስሏቸው ነው። እውነት ነው፣ ቀልድ ካልነገርኩ እራቴ አይወርድልኝም። ያን ቀን ግን አልቀለድኩም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ያኔ ቢቸና ውስጥ እንደኔ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አምስት ኮምፒውተር ብቻ በነበረበት መሥሪያ ቤት ይህን ማለት ቀላል መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አምስቱንም በራሴ ጊዜ ፈትቼ፣ በራሴ ጊዜ ገጥሜ የተማርኩ ነኝ። መምህሬ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። የገባኝን እሠራለሁ፣ ያልገባኝን ደግሞ የበለጠ እሠራለሁ። ከገጠምኩ በኋላ አንድ ሁለት ብሎን ይተርፈኛል። "ፋብሪካው አብዝቶ ነው የሚያስገባው" እላለሁ። ማሽኑ ከበራ ማን ይጠይቀኛል?

መሥሪያ ቤቱ የገበሬዎች ማኅበራት ዩኒየን ነው። ዋና ሥራው ለአባላቱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማከፋፈል ነበር። የትኛው ገበሬ ምን ያህል ማዳበሪያ እንዳዘዘ የሚያሳየው ዝርዝር ጥግ ክፍል ውስጥ በተቀመጠ አንድ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ሌሎቹ ማሽኖች በገመድ ከእሱ ጋር ተያይዘው ዝርዝሩን ከእሱ ያነባሉ። ገመዱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። በጣሪያ ሥር ስዘረጋው በአቧራው ሳስነጥስ ሰንብቻለሁ፣ ግን ማን ያመሰግናል?

ንብረት ክፍሉን የያዙት መሪጌታ ነበሩ። ቅዳሜና እሁድ፣ በዓል ሲሆንም፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ በሥራ ቀን ደግሞ የእኛ ስቶር ኪፐር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጥምጣማቸው የማይጎድፍ ሰው። ወደ ዩኒየኑ ከመምጣታቸው በፊት ለዓመታት የደብራቸው ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት በእጃቸው ያወጡ፣ በእጃቸው ያስገቡ ነበር። ዕቃ ሲቆጥሩ በዓይን ብቻ አይቆጥሩም፤ አንድ በአንድ በእጃቸው ይነካሉ። ሃምሳ ወንበር ካለ ሃምሳውም ይነካል።

እሳቸው ዘንድ ዕቃ ለመውሰድ ሁለት ጥያቄ መመለስ ግድ ነበር። የመጀመሪያው የሁሉም መሥሪያ ቤት ጥያቄ ነው፤ "ማን ይረከበዋል?" የወጪ ደረሰኙ ሞዴል 22 ይቆረጣል፣ ትፈርማለህ፣ በትልቁ ሰማያዊ መዝገብ ይገባል። ሁለተኛው ግን የእሳቸው ብቻ ነበር።

"ይህ ሲጠፋ ማን ይጮኻል?"

የዚህን መልስ የሚጽፉት በሌላ ደብተር ላይ ነው፤ በአሮጌ ካሌንደር ወረቀት በተሸፈነ ተራ የተማሪ ደብተር። ሠራተኛው "የጩኸት መዝገብ" ብሎ አወጣለት። ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር፣ ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ያን ጥቁር ሳጥን ስረከብ ትዝ ይለኛል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣

"ይህ ሲጠፋ ማን ይጮኻል?" አሉኝ።

"መሪጌታ፣ እኔ እያለሁ ምንም አይጠፋም።"

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

"እንግዲያውስ ድመት ይጮኻል ብለው ይጻፉ።"

"አንተ ጉረኛ" አሉና እየሳቁ የሆነ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ አላየሁም። ለማየትም አልፈለግሁ።

በመጨረሻው ዓመታቸው ሰኔ መጣ። ሰኔ ለእኛ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ ንብረት ይቆጠራል፣ የተበላሸው ይወገዳል። ሁለተኛ ገበሬው ለዘር ይቸኩላል፣ አህያውን እየነዳ ለማዳበሪያ ይመጣል። ለመሪጌታ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነበር፤ ሰኔ ሠላሳ ጡረታ ይወጣሉ። ወደ ትውልድ ቀያቸው፣ ወደ ሞጣ አካባቢ ተመልሰው ቅኔ ሊያስተምሩ ነው። ቦታው ተሰጥቷቸዋል፣ ተማሪዎችም ይጠብቋቸዋል። የቀራቸው ርክክብ ማድረግና ክሊራንስ መውሰድ ብቻ ነው።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ጠበቅሁ" ይሉ ነበር። "አንዲት ማንኪያ ጎደለብኝ ሳልባል መውጣት ነው የምፈልገው። ደመወዝ አይደለም ይዤ የምሄደው፤ ስሜን ነው።"

አሮጌ ዕቃ ለማስወገድ ሦስት ሰው ያለው ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮምፒውተርን በተመለከተ ባለሙያው ማን ይሆን ብለው ብዙ አልደከሙም። የምንቆጥርበት ቀን ሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ላይ ዋለና መሪጌታ ወደ ደብራቸው ሄዱ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እዚህ ላይ አስተውሉ። መብራት ከሌለ ሕያው ኮምፒውተርና የሞተ ኮምፒውተር አንድ ናቸው። ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ጥግ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጥቁር ሳጥኖች ነበሩ። በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት፣ በቀይ ቀለም ቁጥር የተጻፈባቸው። በሰማያዊው መዝገብ ላይ መንታ ናቸው፤ ከመጨረሻዋ ቁጥር በቀር ልዩነት የላቸውም። አንደኛው ከሞተ ቆይቷል። ሁለተኛው የማዳበሪያው ዝርዝር ያለበት ነው። የሁለተኛው ስክሪን ግን የለም፤ የፀሐፊዋ ስክሪን ሲቃጠል ነቅዬ ለእሷ የሰጠሁት ራሴ ነኝ። ለሌሎች ዝርዝር የሚያቀብል ሰርቨር ስክሪን አያስፈልገውም፣ ይህን የማውቅ በቢቸና አንድ እኔ ነኝ፤ ለማንም ግን አልነገርኩም።

የኮሚቴው ሁለት ሰዎች ክፍሉን በሻማ እያዩ፣

"ይሄ ስክሪን የለውም" ይላሉ።

"ያኛውም የለው።"

"ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር ሬሳ አይደል እንዴ?"

"ሬሳ ነው! ወደ በረንዳ!"

እኔ የት ነበርኩ? ምሳ ላይ። ሽሮዬን ፊት ለፊቴ አድርጌ ሳለሁ የሚወገዱትን ዝርዝር አመጡልኝ። "ኮምፒውተር፣ ስክሪን የሌለው" የሚል አየሁ። ሌላም እንዲሁ የሚል ከሥሩ አለ። የሞተውን ሁለት ጊዜ ጽፈውታል ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ሄጄ ልይ? እያንዳንዱን ብሎን በስሙ የማውቅ ሰው ሄዶ ያያል እንዴ? ጣቴን ጠርጌ ፈረምኩ።

የሚካኤል ማግስት መሪጌታ ተመለሱ። በረንዳው ላይ በሸራ የተሸፈነውን ክምር አዩት።

"ሁሉንም አይተሃል?" አሉኝ።

"መሪጌታ! እኔን ነው የሚጠይቁት?"

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነኩ የመውጫ ወረቀቱን ፈረሙ። አምነውኝ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይሞቃል።

የዓመቱን አሮጌ ዕቃ አስቀድሞ በጨረታ ያሸነፈው የሞጣ ነጋዴ ነበር። የጭነት መኪናውን አምጥቶ ጫነና ከሰዓት በፊት መንገድ ጀመረ።

መብራት የመጣው በነጋታው ጠዋት ነው። መጀመሪያ የጮኸችው ፀሐፊዋ ናት። "ዝርዝሩ የታለ?" ቀጥሎ የማዳበሪያ ክፍሉ ጮኸ። ቀጥሎ የሂሳብ ክፍል። ቀጥሎ ከግቢው ውጪ ሰልፍ የያዙ ገበሬዎች፤ የአህዮቹን ጩኸት ጨምሩበት። እኔ እየተኩራራሁ ጥግ ክፍል ገባሁ። ገመዱ ባዶ ወለል ላይ ተጋድሟል። በሳጥኑ ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ንጹሕ ወለል ብቻ ቀርቷል፤ ዙሪያው አቧራ ነው።

ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ፣ የለህም ወይ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አለኝ እንጂ። ባክአፑ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራን። የመውጫ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከታች የመሪጌታ ፊርማ፣ እንደ ሐረግ የሚያምር። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ገበሬ ደጁ ላይ ቆሞበታል።

"መሪጌታ፣ ያስወጡት እርስዎ ነዎት" አለ። "ይህ ሳይስተካከል ርክክብ የለም፣ ክሊራንስም የለም። አዝናለሁ።"

መሪጌታ "ልክ ነው" አሉ። ምላሴ በሕይወቷ ሙሉ የሠራችው የበቃት ይመስል ያን ዕለት ዕረፍት ወጣች።

ስንወጣ ወደ ንብረት ክፍል ጠሩኝ። እንደሚሰድቡኝ እያሰብኩ ገባሁ። እሳቸው ግን ያን የተማሪ ደብተር ከመሳቢያ አወጡና ገለጡት።

"ተቀመጥ፤ አንብብ።"

አነበብኩ። ሳላውቅ የተነሣሁትን ፎቶ ያየሁ ያህል ነው የደነገጥኩት። ከእኔ መልስ ቢያጡም ዝም አላሉም። የንብረት ክፍሉ በር ወደ ግቢው ይከፈታል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ማሽን በቆመ ቁጥር፣ ከየትኛው ክፍል ማን እንደሚጮኽ ተቀምጠው ይሰማሉ፣ ይጽፋሉ። "ጥግ ያለው ሳጥን ሲቆም፤ ፀሐፊዋ ትጮኻለች፣ ማዳበሪያ ክፍል ይጮኻል፣ ሂሳብ ዘግይቶ ይጮኻል። ወንድሙ ሲነቀል፤ ማንም።" ከሥሩ ደግሞ "ሳጥኑ የተደገፈባቸው" የሚል ርዕስ አለ። ገመዱ። ገመዶቹ የሚሰኩባት ትንሿ ጠፍጣፋ ዕቃ። ፕሮግራሙ ያለበት ሲዲ፣ በእኔ መሳቢያ። ቁልፍ ቃሉ የተጻፈባት ወረቀት፣ በእኔ ኪስ። አምስተኛው መስመር ላይ "ጉረኛው" ይላል።

"ይሄ እኔ ነኝ?"

"ሌላ ጉረኛ አለን?"

"መሪጌታ፣ እኔ ንብረት ነኝ እንዴ?"

"አይደለህም። የገቢ ደረሰኝ ሞዴል 19 አልተቆረጠብህም፣ ቁጥርም አልተቀባብህም። ግን ስትታመም ሥራው ይታመማል። ባለፈው ዓመት ወባ ሲይዝህ ስንት ቀን ተዘጋን?" መነጽራቸውን አወረዱ። "ቅዳሴ ስንት ልዑካን ይፈልጋል?"

"አምስት።"

"የማዕጠንቱ ጽናና የቍርባኑ ጻሕል በዕቃ ቤት መዝገብ አለ። ልዑካኑስ?"

"ሰው በዕቃ መዝገብ ይገባል እንዴ?"

"አይገባም። ግን አንድ ዲያቆን ቢጎድል ጽናው ወርቅ ቢሆን ምን ይሠራል? ቅዳሴ የለም። አሁን ደግሞ ተገልብጦ እየው። ዕቃ ቤት ውስጥ ያረጀ ምንጣፍ ሞልቷል። መቁጠር እቆጥረዋለሁ፤ የደብሩ ሀብት ነው፣ ቢሰረቅ እጠየቅበታለሁ። ባይኖር ግን ቅዳሴው አይታጎልም። ስለዚህ ዕቃ ቤት በነበርሁ ጊዜ ሁለት መዝገብ ነበረኝ። አንዱ ያለንን የሚናገር፣ አንዱ የሚያቆመንን የሚናገር።"

ይኸው ነው። ባሕር ዳር ላይ አሠልጣኙ በሦስት ቀን ያላስረዳውን መሪጌታ ጠፍጣፋ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሦስት ትንፋሽ ነገሩኝ። እኔ ገመድ ዘርግቻለሁ እል ነበር፤ ምን ከምን እንደተያያዘ የሚያውቁት ግን እሳቸው ነበሩ። ኮምፒውተር ከፍተው አያውቁም። መክፈቻው የት እንዳለ እንኳ አያውቁም።

ከዚያ ጣታቸውን የሳጥኑ መስመር መጨረሻ ላይ አሳረፉ። "በቀኝ ጎኑ የጧፌ ሰም የነጠበበት" ይላል። ባለፈው ዓመት ቆጠራ መስኮት በሌለው ጥግ ክፍል ጧፍ ይዘው ሲገቡ ነጥቦባቸው ነው።

"ሞጣ እንሄዳለን" አሉ። "መንታዎቹን የምንለየው በዚህ ነው።"

በማግስቱ ማልደን ሚኒባስ ያዝን። የሰኔ መንገድ ታውቃላችሁ። ጉንደ ወይን ሳንደርስ ጭቃው ያዘን፤ ወንዱ ሁሉ ወርዶ ገፋ። መሪጌታ ጥምጣማቸውን ለአንዲት እናት አስይዘው አብረው ገፉ። "ይቀመጡ እንጂ!" ብንላቸው፣ "እኔም ከሚኒባሱ ጋር የተያያዝሁ ነኝ" አሉ። እኔ ከኋላ የገፋሁት ብቻዬን ነው ብል ታምኑኛላችሁ? አትመኑኝ። ግን ብዙውን እኔ ነኝ።

የነጋዴው ሱቅ ሞጣ ገበያው አጠገብ ነው። ጎልማሳ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ሳቂታ ሰው። ከጓሮ የእኛ ዕቃ ተከምሯል፤ ከጎኑ የማን እንደሆነ የማይለይ ሁለት ሳጥን ተፈትቶ አንጀቱ ወጥቷል።

"ስንት ፈታህ?" አልኩት።

"ሁለት፣ ከሌላ ቦታ የመጡ። የእናንተን ከዙህር ሶላት በኋላ ልፈታ ነበር። ምነው?"

ጨነቀኝና ዘልዬ ክምሩ ላይ ወጣሁ። አንዱን ጥቁር ሳጥን አቅፌ "ይኸው! ይህ ነው! በሽታው ይገባኛል፣ ልጄ ነው!" አልኩ። ቀይ ቁጥሩ በጉዞ ተልጦ ነበር።

መሪጌታ ቀርበው በአውራ ጣታቸው ቀኝ ጎኑን ዳሰሱ። "ይህ የሞተው ነው" አሉ። ከሥር ያለውን ጎተቱ፣ ዳሰሱ። የደረቀ ሰም ጥፍራቸው ላይ ተነሣ። "ይህ ነው።"

ነጋዴው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ልጄ ነው ያለው ሰውዬ የጎረቤት ልጅ አቅፎ ሊሄድ ነበር!"

"ቀልድ ነው፣ ልፈትናቸው ብዬ ነው" አልኩ። ማንም አላመነኝም።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባን። ነጋዴው ኮስተር አለ። "መሪጌታ፣ እኔ በሕግ ነው የገዛሁት። ወረቀት አለኝ።"

"ገዝተሃል፤ ያንተ ነው" አሉ መሪጌታ። "ንብረቱን ልጠይቅህ አልመጣሁም። ሥራውን ልለምንህ ነው የመጣሁት።"

"የምን ሥራ?"

"ለአንተ ይህ ብረት ነው። አንዱን ብትፈታው ሌላውን ብትፈታው ለውጥ የለውም። እኛ ደጃፍ ላይ ግን አሁን ገበሬ ቆሟል። ይህ ካልተነሣ ማን ምን እንዳዘዘ አይታወቅም፣ ማዳበሪያ አይወጣም። የጤፍ ዘር ደግሞ አይጠብቅም።"

ነጋዴው ሳጥኑን አየ፣ እሳቸውን አየ። "ገበሬው ካልዘራ መኸር ሲገባ እኔ ለማን እሸጣለሁ?" አለ። "ውሰዱት። ያ የሞተው ይበቃኛል፣ መለዋወጫ ይወጣዋል። ግን በስሜ ስጦታ ብላችሁ መዝግቡልኝ፤ ከሌባ ገዝቶ መለሰ እንዳልባል።"

እኔ ተሸክሜ ልወጣ ስል መሪጌታ በሩ ላይ ቆሙ። "መጀመሪያ ይብራ" አሉ። የነጋዴውን ስክሪን ሰካን፤ ፓስዎርዱን ከኪሴ አውጥቼ መታሁ። ዝርዝሩ መጣ። የገበሬው ስም በስም፣ ቀበሌ በቀበሌ። መሪጌታ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት፤ ልማዳቸው ነው።

ሳጥኑ ቢቸና ገብቶ በዚያው ቀን ሥራ ጀመረ። የስጦታው ወረቀት እስኪያልቅ ድረስ በሰማያዊው መዝገብ ላይ አልነበረም፤ ተወግዷል ይላል መዝገቡ። የመሥሪያ ቤቱ ንብረት አይደለም፣ ግን መሥሪያ ቤቱ በእሱ ነው የሚተነፍሰው። እንደ እኔ ማለት ነው። "እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ" አልኩት።

ከግቢው ውጪ አህዮቹ ተጭነው መሄድ ጀመሩ። የመሪጌታ ጉዳይ ግን አላለቀም። ሰኔ ሠላሳ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ርክክብ ሆነ። አዲሷ ስቶር ኪፐር ሰማያዊውን መዝገብ ይዛ ተቀምጣለች። ዕቃው ሁሉ ሙሉ ነው፣ አንዲት ማንኪያ አልጎደለም። ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ ሌላ ደብዳቤ ተዘጋጅቷል። "በቸልተኝነት ንብረት በማስወጣታቸው" የሚል፣ በመሪጌታ ስም፣ ከማህደራቸው ጋር የሚያያዝ።

"ሳጥኑ ተመልሷል፣ ቢሆንም ለፋይሉ ግድ ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ያስወጡት እርስዎ ነዎት። ይፈርሙና ክሊራንሱን ልስጥዎት።"

መሪጌታ እስክሪብቶውን አነሡ። ግን ቶሎ አልጻፉም። የኮሚቴው ወረቀት የእኔ ፊርማ እንዳለበት ያውቃሉ። ሁለት ቃል ብቻ ይበቃቸው ነበር። አልተናገሩም። ወደ እኔም አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

"ይቆዩ" አልኩ።

ሁሉም ዞረ። ቀልድ ሊናገር ነው ብላ ፀሐፊዋ ከወዲሁ ፈገግ አለች።

"መሪጌታ ያስወጡት እኔ ይውጣ ብዬ ስለፈረምኩ ነው። ሁሉንም አይተሃል ብለው ጠይቀውኛል። አላየሁም። ምሳ እየበላሁ ነው የፈረምኩት። ስክሪኑንም የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የተፈታው የእኔ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። "አንተ? አላየሁም አልክ?"

"አላየሁም።"

"በቃ ዛሬ ዓለም ሊያልቅ ነው" አለች ፀሐፊዋ።

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ከመሪጌታ እጅ ሥር ሳበና ቀደደው። ለእኔ አዲስ እንድትጽፍ ፀሐፊዋን አዘዛት። ማስጠንቀቂያ ነው፣ በጽሑፍ፤ እስከዛሬ ፋይሌ ውስጥ አለ፣ ያፍርበታል ብላችሁ አታስቡ፣ ከሁሉም ወረቀቶቼ የማከብረው እሱን ነው። መሪጌታ የተማሪ ደብተሩን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከሰማያዊው መዝገብ አጠገብ አደረጉት።

"ይህንንም ተረከቢ" አሏት አዲሷን ሴት።

"መሪጌታ፣ ይህ እኮ በመመሪያ የለም።"

"የለም። ግን መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።"

አገላበጠችው፣ አንድ ገጽ ላይ ቆመችና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ትታ ማንበብ ቀጠለች። ገጹን ሳትዘጋው በጎን ፈረመች።

ሥራ አስኪያጁ ክሊራንሱ ላይ ማህተም መታ። መሪጌታ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡና መነጽራቸውን አወረዱ።

"ማህተሙ ደብዝዟል" አሉ። "በዚህ ጥግ አይነበብም።"

"ይነበባል እንጂ መሪጌታ!"

"አይነበብም። ድገመው።"

ሥራ አስኪያጁ ማህተሙን ቀለም ላይ ሁለት ጊዜ ረገጠና እንደገና መታው፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። መሪጌታ ዳር ዳሩን በጣታቸው ነክተው፣ እስኪደርቅ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ አጥፈው ደረት ኪሳቸው አስገቡና ወደ ሞጣ ሚኒባስ ወረዱ።